የመንገድ ብስክሌት ውድድር በኢትዮጵያ

የመንገድ ብስክሌት ውድድር በኢትዮጵያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የስፖርት ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. (1956 እ.ኤ.አ.) የሜልበርን ጨዋታ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ የአገሪቱ ስም ከሩጫ ጋር ተያያዘ፤ ብስክሌት ግን እስከ ዛሬ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላስገኘም።

ለሩጫ የሚጠቅመው የኢትዮጵያ ተፈጥሮ፣ ማለትም ከፍታው፣ ዳገቱና ቀዝቀዝ ያለው አየር፣ ለብስክሌትም ይጠቅማል። ነገር ግን ብስክሌት ከትንፋሽና ከጉልበት ሌላ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ፦ ውድ መሣሪያ፣ ደኅና አስፋልት፣ በብዙ ሰው መካከል ተጠጋግቶ የመንዳት ልምድ፣ መካኒክና ሐኪም ያለው ቡድን። በሁለቱ ስፖርቶች መካከል የታየው ልዩነት በአብዛኛው ከእነዚህ የመጣ ነው።

የውድድሩ አሠራር

የመንገድ ውድድር ሁለት ዋና መልክ አለው። በአንደኛው ተወዳዳሪዎቹ በአንድነት ይነሡና የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ ያቋረጠው ያሸንፋል። በሌላው፣ የሰዓት ሙከራ በሚባለው፣ እያንዳንዱ በየተራው ብቻውን ይነሣል፤ አነስተኛ ሰዓት ያስመዘገበው አሸናፊ ይሆናል። ለብዙ ቀናት በሚቆዩ ውድድሮች የየዕለቱ ሰዓት ይደመራል። ከእነዚህ ትልልቆቹ ጂሮ ዲታሊያ፣ ቱር ደ ፍራንስና የስፔኑ ቩዌልታ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በሦስት ሳምንት ውስጥ 21 የውድድር ቀናት አሏቸው።

በአንድነት በሚነሡበት ውድድር የሚሰበሰበው ትልቁ መንጋ ፔሎቶን ይባላል። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ትልቁ ተቃዋሚ ንፋስ ነው። ከፊቱ ካለው ብስክሌት ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ብቻውን ከሚነዳው ይልቅ ሩብ ወይም አንድ ሦስተኛ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወይም ሁለት መሪ ይመርጣል፤ ሌሎቹ ንፋስ ይከልሉለታል፣ ውኃ ያመጡለታል፣ ጎማው ቢፈነዳ የራሳቸውን ብስክሌት ይሰጡታል። ውጤቱ በአንድ ሰው ስም ቢመዘገብም ሥራው የቡድን ነው።

ታሪክ

ብስክሌት ወደ አካባቢው በስፋት የገባው ከጣልያኖች ጋር ነው። በአሥመራ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣልያኖች ውድድር ያካሂዱ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የአገሬው ሰው ከእነሱ ጋር እንዲወዳደር አይፈቀድለትም ነበር። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር በ1938 ዓ.ም. (1946 እ.ኤ.አ.) ተካሄደ። የዚያ ዘመን አሻራ በአማርኛው የብስክሌት ቋንቋ ዛሬም ይሰማል፦ ቴላዮ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ጎማና ፍሬን ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። በየከተማው ያሉ የብስክሌት ጠጋኞች የሚጠቀሙት በእነዚሁ ነው።

በሜልበርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ከወከሉት ብስክሌተኞች መካከል ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬና ፀሐዬ ባህታ ይገኙበታል። ገረመው በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክም ተሳትፏል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችባቸው ዓመታት የአሥመራ ልጆች በብሔራዊው ቡድን ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተሳተፉት መካከል የማነ ነጋሲና ተከስተ ወልዱ ይጠቀሳሉ፤ ተከስተ በ1964 ዓ.ም. ወደ ሙኒክም ተጉዟል። ኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክም የብስክሌት ቡድን ነበራት።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ስፖርቱ ከተተከለባት ከተማ ጋር አብሮ ሄደ። በኢትዮጵያ በኩል ከዚያ ወዲህ የጠነከረው በትግራይ፣ በተለይም በመቀሌና በአካባቢዋ ነው። ኋላ በዓለም አቀፍ መድረክ የታዩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች ከዚያው የወጡ ናቸው።

ፕሮፌሽናል ብስክሌተኞች

ከኢትዮጵያ ወጥቶ በዓለም ከፍተኛው ደረጃ የተወዳደረው ታዋቂ ብስክሌተኛ ፅጋቡ ግርማይ ነው። በ1983 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) የተወለደው ፅጋቡ በመጀመሪያ የደቡብ አፍሪካውን ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ተቀላቀለ፤ ከዚያም ወደ ጣልያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ አለፈ። በ2007 ዓ.ም. በጂሮ ዲታሊያ ተወዳደረ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. (2016 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያው ክረምት በሪዮ ኦሊምፒክ አገሩን ወክሏል። ኋላ ለባህሬን ሜሪዳ፣ ለትሬክ ሴጋፍሬዶና ለአውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት ቡድን ነድቷል። በትልልቅ ውድድሮች የነበረው ሥራ በዋናነት የመሪ ረዳትነት ነበር፤ ረጅም ዳገት ላይ መሪውን ማድረስ የሚችል ሰው በቡድኖች ዘንድ ተፈላጊ ነው።

ከእሱ በኋላ ነጋሲ ኃይሉ አብርሃ ኪው 36.5 በተባለው የስዊዘርላንድ ቡድን ተወዳድሯል። ከሴቶች ሰላም አምሓ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የመንገድ ውድድር ኢትዮጵያን ወክላለች።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየው የትግራይ ጦርነት ስፖርቱን በጠነከረበት ቦታ መታው። ልምምድና ውድድር ተቋረጠ፤ መንገድ፣ ስልክና ባንክ ተዘጋ። ውጭ አገር የነበሩ ብስክሌተኞች ከቤተሰባቸው ጋር መገናኘት አልቻሉም። በስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ በሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማዕከል የሠለጠነችው ኢየሩ ተስፎአም ገብሩ ከአገር ወጥታ በፈረንሳይ ተጠለለች። በ2016 ዓ.ም. (2024 እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ማልያ ነው።

ከፍታና ወቅታዊ አቋም

የብስክሌተኛ ወቅታዊ አቋም በአብዛኛው የሚለካው ለረጅም ጊዜ ማውጣት በሚችለው ጉልበት ነው። ጉልበቱ በዋት ይለካል። ዳገት ላይ ዋናው ነገር ጠቅላላው ዋት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት የሚደርሰው ዋት ነው። 360 ዋት የሚያወጣ 60 ኪሎ ሰው በኪሎ 6 ዋት አለው፤ 400 ዋት የሚያወጣ 80 ኪሎ ሰው ግን 5 ብቻ ነው። በሜዳ ላይ ከባዱ ሊቀድም ይችላል፤ ረጅም ዳገት ላይ ቀላሉ ያመልጣል።

ከፍታ በዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤት አለው። በ1,900 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ብስክሌተኛውም የሚያወጣው ዋት ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ በሳምንታት ውስጥ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴሎች ይሠራል፤ እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ለምዶታል። የአውሮፓ ቡድኖች በስፔን ግዛት ቴነሪፌ ደሴት፣ በቴይዴ ተራራ ላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ለሳምንታት የሚሰፍሩት ለዚህ ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ያለችው የቡሬ ከተማ ከፍታ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሁለተኛው ውጤት የአየሩ መሳሳት ነው። በ1,900 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ የንፋስ ተቃውሞም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ረጅም ርቀት የመንዳት ክብረ ወሰንን ለመስበር ብዙዎች ወደ ሜክሲኮ የሄዱት ለዚህ ነበር። ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ ቪክቶር ካምፔናርትስም በ2019 እ.ኤ.አ. በአጉዋስካሊየንቴስ 55.089 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። አጉዋስካሊየንቴስ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይህም የፍኖተ ሰላም ከፍታ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ተወዳዳሪ አያደርግም። በአውሮፓ የሚካሄዱት ውድድሮች ብዙዎቹ ዝቅ ባለ ቦታ፣ በጠባብ መንገድና በጎን ንፋስ የሚካሄዱ ናቸው። ከ150 ሰው መካከል ቦታውን ይዞ መንዳት የማይችል ብስክሌተኛ ዳገቱ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱን ይጨርሳል። ይህ ችሎታ የሚገኘው ደጋግሞ በመወዳደር ብቻ ነው።

የጎጃም መንገድ እንደ ምሳሌ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና አገሪቱ ለብስክሌት ያላትን ጸጋና ችግር በአንድነት ያሳያል። መንገዱ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና ይወጣል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወስዳል። ለማነጻጸር፣ በቱር ደ ፍራንስ ስመ ጥር የሆነው የአልፕ ደዌዝ ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1,100 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። አልፕ ደዌዝ ቢከፋም የዓባይ ዳገት ይረዝማል፤ ሸለቆው ግርጌ ያለው ሙቀትም ሌላ ፈተና ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚካሄደው የአፍሪካ ዙር የብስክሌት ጉዞ በዚሁ መንገድ አልፏል፤ በጉዞው ከሚታወሱት ከባድ ቀናትም አንዱ ይኸው ሸለቆ ነው።

ከደጀን በኋላ መንገዱ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ ቡሬ ከፍ ብሎ እንጅባራ ሲደርስ ከ2,500 ሜትር በላይ ይሆናል። በዳንግላ በኩል እንደገና ወርዶ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ያበቃል። የግልገል ዓባይ መነሻ የሆነችው ግሽ ዓባይ ደግሞ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብላ በሰከላ ወረዳ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በአንድ ቀን ጉዞ ክልል ውስጥ ይህን ያህል የከፍታ ልዩነት ማግኘት የአውሮፓ አሠልጣኝ በገንዘብ የሚፈልገው ነገር ነው።

መንገዱ ግን የብስክሌተኛ ብቻ አይደለም። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰውና ከግጦሽ የሚነዳው ከብት ሁሉ ይጋሩታል። ሰፊ የመንገድ ትከሻ ባልተሠራበት ቦታ ተለማማጁ ከኋላው የሚመጣውን መኪና እያዳመጠ ይነዳል። በባሕር ዳር ብስክሌት ለረጅም ጊዜ የሥራና የትምህርት ቤት መጓጓዣ ሆኖ የኖረው ከተማዋ ሜዳማ ስለሆነችና ሰፋፊ ጎዳናዎች ስላሏት ጭምር ነው።

ብስክሌቱና ልኩ

የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ የብስክሌት ክብደት 6.8 ኪሎ ነው። የፕሮፌሽናሎቹ ብስክሌቶች ቴላዮና ቸርኬ ከካርቦን ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ከ10,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። የክብደት ጥቅም በዓባይ ዳገት ላይ በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌተኛ 8 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት 1,400 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ ስበትን ብቻ ለመቋቋም 300 ዋት ቢያውል 52 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይኸው ሰው በዚሁ ጉልበት 13 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ቢወጣ 4 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። በፕሮፌሽናል ውድድር 4 ደቂቃ ማለት ከአሸናፊዎቹ ተርታ ወጥቶ መጥፋት ነው።

ክብደትን በገንዘብ መቀነስ ሲቻል ልክን ማስተካከል ግን ብዙ ወጪ የለውም። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

የመቀመጫ ቁመት፦ የእግርን የውስጥ ርዝመት ከወለል እስከ ብሽሽት ለክቶ በ0.883 ማባዛት የተለመደ መነሻ ነው። ውጤቱ ከፔዳሉ መዞሪያ መካከል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ይሆናል። እግሩ 82 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 72.4 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። መቀመጫው ሲያጥር ጉልበት ፊት ለፊቱን ያማል፤ ሲረዝም ወገብ ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ከጉልበት ጀርባም ሕመም ይሰማል።

ማርሽ፦ የፊቱ ጥርስ 53፣ የኋላው 11 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 10 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህ ለቁልቁለትና ለመጨረሻው ፍጥጫ ነው። የፊቱ 36፣ የኋላው 32 ሲሆን ግን የሚሄደው 2.4 ሜትር ገደማ ነው። ለረጅም ዳገት ትንሹ ማርሽ የሌለው ሰው እግሩ በዝግታ እየተጎተተ ቶሎ ይዝላል።

ጎማ፦ ቀድሞ 23 ሚሊ ሜትር የነበረው የውድድር ጎማ ስፋት አሁን በብዛት 28 ወይም ከዚያ በላይ ሆኗል። ሰፋ ያለና አየሩ ከመጠን ያላለፈ ጎማ ሸካራ አስፋልት ላይ አይነጥርም፤ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። የተቦረቦረ መንገድ ላይ ለሚለማመድ ሰው ይህ ከቴላዮው ጥራት ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

ፍሬን፦ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ሳያቋርጡ መያዝ ቸርኬውን ያግላል፤ ካላማዳሪያም ሊፈነዳ ይችላል። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይይዝና ሲታጠፍ ይለቃል።

መውደቅና ደኅንነት

በፔሎቶን ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው አወዳደቅ የሚጀምረው ከኋላ ያለው ሰው የፊት ጎማ ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጋር ሲነካካ ነው። ፊተኛው ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ የሚወድቀው ኋለኛው ነው፤ ከእሱ በኋላ ያሉትም ማምለጫ ስለሌላቸው ይደራረባሉ። ሁለተኛው ዋና ምክንያት ቁልቁለት ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 20 ሜትር ይሄዳል፤ አደጋውን አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ያ ርቀት አልፏል።

ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ ወይም በትከሻው ስለሚያርፍ በብስክሌተኞች ዘንድ በብዛት ከሚሰበሩት አጥንቶች አንዱ የአንገት አጥንት ነው። የከፋው ግን የራስ ቅል ጉዳት ነው። ካዛክስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ኒስ ውድድር ወድቆ ሞተ፤ የራስ መከላከያ አላደረገም ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ብስክሌት ማኅበር መከላከያውን ግዴታ አደረገ። መከላከያው ግን ከሁሉም አደጋ አያድንም፤ ስዊዘርላንዳዊው ጂኖ ሜደር በ2015 ዓ.ም. በአገሩ ዙር ውድድር ላይ ከቁልቁለት ገደል ወድቆ ሕይወቱ አልፏል።

በውድድር ቀን መንገድ ይዘጋል፤ ሐኪምና አምቡላንስ ይከተላል። በልምምድ ቀን ግን ይህ ሁሉ የለም፤ አንድ ብስክሌተኛ ደግሞ ከውድድር ይልቅ በልምምድ ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት እጅግ ይበልጣል። ክፍት አውራ ጎዳና ላይ ለሚለማመዱ ሰዎች በሰፊው የሚመከሩት ነገሮች ብዙ ወጪ አይጠይቁም፦ ማለዳ መኪና ሳይበዛ መውጣት፣ ደማቅ ልብስና የኋላ መብራት፣ ከከባድ መኪና ኋላ ተጠግቶ አለመንዳት፣ ዳገት ላይ በመኪና አለመሳብ፣ ከከብት መንጋ አጠገብ ፍጥነት መቀነስ፣ ለብቻ አለመሄድ። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ መከላከያ ስንጥቅ ባይታይበትም ይለወጣል። ከወደቀ በኋላ ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው ወይም የት እንዳለ ግራ የሚገባው ሰው ቁስል ባይኖረውም እንደገና ብስክሌት ላይ መውጣት የለበትም፤ ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርበታል።

በምሥራቅ አፍሪካ

የጎረቤት አገሮች ታሪክ ከፍታ ላይ የተጨመረ ሥርዓት ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። በኤርትራ ብስክሌት የዕለት መጓጓዣም የሕዝብ ስፖርትም ሆኖ ቀጥሏል። አሥመራ ተወልዶ ያደገው ቢንያም ግርማይ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. (2022 እ.ኤ.አ.) የቤልጂየሙን ጌንት ቬቬልገም አሸነፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀናትን አሸንፎ የአረንጓዴውን ማልያ ባለቤት ሆነ፤ በዚህም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው።

ሩዋንዳ ደግሞ የራሷን ዙር ውድድር ዓለም አቀፍ አድርጋ ለዓመታት ስታካሂድ ቆይታ በመስከረም 2018 ዓ.ም. (2025 እ.ኤ.አ.) የዓለም የመንገድ ሻምፒዮናን በኪጋሊ አስተናገደች። ሻምፒዮናው በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የወንዶቹ ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ5,400 ሜትር በላይ ሽቅብ ነበረው፤ ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ሲያሸንፍ ውድድሩን የጨረሱት 30 ብቻ ነበሩ። ኪጋሊ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከቡሬም፣ ከመቀሌም ዝቅ ትላለች።